የአባቴን ከንፈር የሳብኩ ቀን

ልጅ እያለሁ እኩዮቼ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር መንገድ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ፣ እኔ የሰው ፊት አጣምም ነበር። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ከቤታችን ወደ ፒያሳ ሲወጣ፣ ጋሽ ተፈራ የሚባሉ የአባቴ ጓደኛ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ከሥራ እስክትመጣ የምቆየው እዚያ ነው። ቤቱ የፎቶ ወረቀትና የጋለ ፕላስቲክ ይሸት ነበር። ዛሬም አጠገቤ ፕሪንተር ሲሞቅ ያ ቤት ትዝ ይለኛል።

የሰፈሬ ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚፈለገው ጉርድ ፎቶው ነው። ጋሽ ተፈራ ከመታወቂያው ላይ ስካን አድርገው ያሳድጉታል፤ ሹራብ ለብሶ የተነሳውን በኮምፒውተር ኮትና ከረባት ያለብሱታል። ኮቱ አንድ ብቻ ነበር፣ ግራጫ። የዶሮ ማነቂያ ሟች ግማሹ በዚያ ኮት ነው የተሸኘው። ሥራ ሲቀዘቅዝ እኔን ወንበራቸው ላይ ያስቀምጡኝና ፊት የሚለጥጠውን ነገር ይከፍቱልኛል። አፍንጫውን በማውስ ይዞ መሳብ ነው፤ ፊቱ እንደ ሊጥ ይከተላል። የራሳቸውን ፎቶ አውጥቼ ጆሯቸውን እስከ ትከሻቸው ስጎትተው፣ «አንቺ ቀበጥ፣ ሰው አድርገሽ መልሺኝ!» እያሉ እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር። አንዲት ቁልፍ ስጫን ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ አባቴ ሞተ። ፎቶ የማይወድ ሰው ነበር፤ ሠርጉን እንኳ ያለ ፎቶ ነው ያሳለፈው። የነበረን ያው የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ጋሽ ተፈራ ለአርባው ተዝካር ሊያሳድጉት ስካን አደረጉት። መታወቂያው ራሱ ለሞት ምስክር ወረቀት ቀበሌ ገብቶ እዚያው ቀረ።

ለተዝካሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ፎቶ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ጋሽ ተፈራ ፍሬም ሊያመጡ ወጥተዋል። አባቴ እስክሪኑ ላይ ኮስተር ብሎ ያየኛል። መታወቂያ ላይ የማይኮሳተር ማን አለ? እኔ ግን የተቆጣኝ መሰለኝ። ሊሞት ሰሞን ሆስፒታል እንሂድ ስባል፣ ሽታው ያስጠላኛል ብዬ አልቅሼ ቀርቼበታለሁ። እና የከንፈሩን ጠርዝ ይዤ ትንሽ ወደ ላይ ሳብኩት። ከዚያ ጉንጩን፣ ከዚያ ዓይኑን። ሳቀልኝ! ሌላ ሰው እንዳያጠፋብኝ ብዬ እዚያው ላይ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

ጋሽ ተፈራ ሲመለሱ ጎትቼ አሳየኋቸው። መመለሻዋን ቁልፍ ደጋግመው ተጫኑ። አንዴ ከተዘጋ በኋላ እንደማትሠራ እኔ ከየት ልወቅ። «ልጅ ያቦካው ለራት...» ብለው ጀመሩና ፊቴን ሲያዩ ተዉት። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሌላ ቅጂ መያዝ ነበረብኝ» አሉ። ቀበሌ ሮጡ፤ የተመለሰ መታወቂያ ተቀዶ ይጣላል አሏቸው።

የተዝካሩ ዕለት ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ ቆመ። ሰው ሁሉ «ሊናገር ምንም አልቀረው!» ይላል። እናቴ እንግዳው ከሄደ በኋላ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ፤ ጋሽ ተፈራ ነግረዋት ኖሯል። አልተቆጣችኝም። ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቆንጆ አድርገሽዋል፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ይሄን ሰውዬ ግን አላውቀውም።»

ዛሬ እንጀራዬ ያው ፊት መሳብ ሆኗል። የቪዲዮ ጌም ሰዎችን አስቃለሁ፣ አስለቅሳለሁ። ፊታቸው ላይ ቀጭን መረብ ይዘረጋል፤ የመረቡ ቋጠሮ ሲሳብ ከሥሩ ያለው ቆዳ አብሮ ይሄዳል። ያኔ አንድ ፊት ነበረን፣ እሱም ቅጂ አልነበረውም። አሁን እያንዳንዷ እርምጃ ሦስት ቦታ ትቀመጣለች፤ ለማንም ያልተወለደ ፊት እንኳ አይጠፋም። ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፣ ጋሽ ተፈራ አርፈዋል፣ እኔና እናቴ ኮንዶሚኒየም ገብተናል።

ባለፈው እሑድ ላፕቶፔን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለወራት ተደብቄ ያንን የተዝካሩን ፎቶ ሳቅ ወደ ኋላ ስስብ ነበር የከረምኩት፤ ኮስታራውን አባቴን ልመልስላት። ያኔ ምን ያህል እንደሳብኩት ስለማላውቅ አሥራ ሰባት ዓይነት አድርጌ ሠራሁት።

«እማዬ፣ እሱ የትኛው ነው? የሚቀርበውን ብቻ አሳዪኝ፤ የቀረውን እኔ አስተካክለዋለሁ።»

መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየቻቸው። ወደ መጀመሪያው መልሺኝ አለች፤ መለስኳት። እንደገና እስከ መጨረሻው አየች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ እጇን እጄ ላይ አደረገች።

«ተይው ልጄ» አለችኝ፣ «እኔም ጠፍቶብኛል።»