አትመለስም የተባለችው ታንጉት

ታንጉት ባዬ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ናት። ባሏ ሲሞት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ማሳና ያምሮት የምትባል ሴት ልጅ ትቶላት ነበር። እሷም ማሳውን እያሳረሰች፣ የገበሬውን በርበሬ እየገዛች ወደ አዲስ አበባ መጫን ጀመረች። ውሎ አድሮ ባለ ፎቅ ቤት ሠራች፤ ልጇንም ባሕር ዳር ልካ አስተማረች። “ከወንድ የማታንስ” ይሏታል፤ ምርቃት ይሁን ምቀኝነት ሳይለይ።

በ2015 የጥምቀት ማግስት ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ የጎብኚዎች መኪና ደጇ ላይ ተበላሸ። መኪናው እስኪጠገን ኔይዴ የምትባለውን ብራዚላዊት እንግዳ አስገብታ አበላቻት። ያምሮት በእንግሊዝኛ አስተረጎመች።

“እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከመንደሯ ሳትወጣ ሞተች” አለች ኔይዴ። “እኔም አውሮፕላን የማውቀው ሽቅብ አንጋጥጬ ነበር። ኋላ የከፈትነው ሱቅ ደህና ያዘ። አሁን የጉዞውን ዋጋ በየወሩ ከፋፍዬ እየከፈልኩ በዓመት አንድ ጊዜ እወጣለሁ።”

“እኔና አንቺ አንድ ነን በያት” አለች ታንጉት፣ ደስ ብሏት።

ኔይዴ በነሐሴ አውሮፓ ውስጥ ወዳለ የእመቤታችን መሳለሚያ ልትሄድ አስባ ነበር። “ነይ፣ አብረን እንሳለም” አለቻት።

“ቪዛውስ?” አለች ያምሮት።

“እኛ እዚያ ቪዛ አንጠየቅም፤ ፓስፖርት ይበቃል። እናንተም አገር ቢሆን የቪዛውን ቅጽ በስልኬ ሞልቼ ነው የመጣሁት።”

ታንጉት ለራሷና ለልጇ ፓስፖርት አወጣች። ሰኔ ሲገባ ከልጇ ጋር አዲስ አበባ ሄደች። ለቪዛው የኤምባሲ ቀጠሮ እየተጓተተ ዘመድ ቤት ሰነበቱ። በመጨረሻ ከመስታወት ጀርባ የተቀመጠች ወጣት ጠየቀቻት።

“ባለቤትዎ?”

“አርፏል።”

“ልጅዎ?”

“ይቻትና! አብራኝ ትሄዳለች እንጂ ቋንቋውን ማን ይችልልኛል?”

“ታዲያ ምን ይመልስዎታል?”

ታንጉት ጥያቄው ግራ ገባት። “ቤቴ ነዋ! በርበሬዬ! የባሌ መቃብር!”

ከቀናት በኋላ ከነልጇ ቪዛ ተከለከለች። ገንዘቡ በቂ ነው፤ እንደሚመለሱ ግን አላመንንም አሏት። ወደ ቡሬ ሲመለሱ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ “ሌባ ነሽ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር” አለች።

በማግስቱ ማሳዋን ልታይ ወጣች። ማሳው እሷ ሳታዝ ታርሶ የበርበሬ ችግኝ ተተክሎበታል። የባሏ ታናሽ ወንድም ያረጋል ጎንበስ ብሎ ይኮተኩታል።

“ምነው ያረጋል?”

ቀና አለ። ደነገጠ። “እትዬ! ከነልጅዎ ውጭ አገር ሄዱ ሲባል ሰማን። ከዚያ የሄደ ደግሞ መች ይመለሳል? የወንድሜ መሬት ጦም ከሚያድር ብዬ ነው።”

“ሳልሞት ተዝካሬን ብላ ማን አለህ?”

ነገሩ ለሽማግሌ ቀረበ። የዳኙት መሪጌታ ቴዎፍሎስ ናቸው፤ ታንጉትን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቋታል።

“የተተከለ አይነቀልም” አሉ። “ዘንድሮን ያረጋል ይብላ፤ ለከርሞ ይልቀቅልሽ።” ቀጥለውም፣ “እንዲያው ለመሆኑ ልጄ፣ ቢፈቅዱልሽ ኖሮ ትመለሽ ነበርን?” አሏት።

ሽማግሌዎቹ ሁሉ አፏን አፏን አዩ። ታንጉት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሥታ ወጣች።

በፍልሰታ ጾም ኔይዴ ከመሳለሚያው በቪዲዮ ደወለች። ከኋላዋ ሻማ የያዘ ሕዝብ ይታያል። “ለምን ቀረች?” ብላ ያምሮትን ጠየቀች።

“እማዬ፣ እውነቱን ልንገራት?” አለች ያምሮት።

“ተይ። ሥራ በዛባት በያት።”

“ምን አፈርሽ? የከለከሉሽ እነሱ!”

“አትመለሺም አሉኝ ብላት፣ እሷም ‘እውነት ትመለሽ ነበር?’ ብትለኝስ?”

ያምሮት ወደ ስልኩ ዞራ፣ እናቷ ሥራ እንደበዛባት ነገረቻት።