ቤሪንግ በአማርኛ

ባለፈው ሳምንት ዳንኤል ኦክላንድ አጠገብ ካለችው ዳብሊን ደወለልኝ። ዳንኤል የጓደኛዬ የአሰፋ ልጅ ነው፤ ፓሎ አልቶ የሚሠራ፣ ጠጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው።

«ጋሼ ኩሽኔታ፣ መኪናዬ ስነዳው እንደ ኤርፕሌን ይጮሃል። መካኒኩ ቤሪንግ ነው፣ ሪፕሌስ መደረግ አለበት አለኝ። ቤሪንግ በአማርኛ ምንድን ነው?»

«መልሼ ልደውልልህ» ብዬ ዘጋሁት። ልጁ ምንም አላጠፋም። ግን በርዶልኛል ያልኩት ንዴት በአንድ ጥያቄ ተቀሰቀሰብኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ኦክላንድ ውስጥ ከተሾመ ጋር አንድ ቤት እንጋራ ነበር። ተሾመ አዲስ አበባ ሳለ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። በክረምት ጭቃ ጅማና ወለጋ ሲመላለስ ስለኖረ፣ አራቱም እግሩ የማይጎትት መኪና መኪና አይመስለውም። ስለዚህ መንገዱ ሁሉ አስፋልት በሆነበት አገር አሮጌ ጂፕ ገዛ። ፍሪዌይ ላይ ስንወጣ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል፤ እሱ ግን «ጉልበት ነው» ይላል።

ኮረብታዎቹ ቢጫ መሆን በጀመሩበት በግንቦት፣ ሳን ሆዜ የሚኖረው አሰፋ ወንድ ልጁን ሊያስጠምቅ ሆነ። ካርቱም በስደት አንድ ፍራሽ ተጋርተናል። «ክርስትና የምታነሳልኝ አንተ ነህ» አለኝ። በዚያ አገር ዘመድ የምለው ሰው አልነበረኝም፤ የክርስትና ልጅ ያለው ሰው ግን ዘመድ አለው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነውና ቀኑ አይገፋም። አርባው እሁድ ዋለ። ቄሱም ከሌላ ስቴት መጥተው በዚያው ቀን የሚመለሱ ነበሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ተሾመ የጂፑን የኋላ እግር ፈታው። ኩሽኔታው አልቋል፤ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒም ተቀዶ ፍሬኑ ላይ ያንጠባጥባል።

«አንተ እንግሊዝኛ ትችላለህ፤ ኩሽኔታና ጎሚኒ ገዝተህ ና» አለኝ።

ኮራ ብዬ ሄድኩ። ኩሽኔታ የጣልያን ይሁን የእንግሊዝ ጠይቀን አናውቅም። መኪናው የፈረንጅ፣ ቃሉም የፈረንጅ፤ በቃ።

«ኩሽን?» አለኝ ሻጩ።

«የስ፣ ኩሽኔታ!»

ገብቶ ወንበር ላይ የሚነጠፍ ትራስ ይዞልኝ መጣ። «ኖ፣ ኖ፣ ፎር ዊል» ብዬ በእጄ ክብ ነገር አሽከረከርኩለት። የመሪ ልባስ አመጣልኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ሲጀምሩ ደሜ ፈላ፤ ጥዬ ወጣሁ። አውቶቡስ ጠብቄ ቤት ሄድኩና አሮጌውን ኩሽኔታና ጎሚኒ በጋዜጣ ጠቅልዬ ተመለስኩ።

«ኦ! ቤሪንግ!» አለ ሻጩ።

ኩሽኔታውን ሰጠኝ። ጎሚኒው ግን የለም። ጠዋት አንድ ነበረ፤ እኔ ከትራስ ጋር ስታገል ከኋላዬ ከተሰለፉት አንዱ ገዝቶት ሄዷል። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ተሾመ አሮጌውን ጎሚኒ በቤንዚን አጥቦ መልሶ ገጠመው። «ሳን ሆዜ ደርሶ መልስ ምን አላት?» አለ።

እሁድ ማለዳ በባዶ ሆዳችን ወጣን። ነጠላዬን ለብሻለሁ፤ ለሕፃኑ የገዛሁት ማተብና መስቀል ኪሴ ውስጥ ነው። ጂፑ ጩኸቱን ትቶ ጸጥ ብሎ ይሄድ ነበር። መንገዳችን ላይ ያለችው ኒውአርክ አካባቢ ስንደርስ የተቃጠለ ዘይት ሸተተን፤ ወዲያው ከኋላ እግሩ ጢስ ተነሣ። ተሾመ እንደምንም ዳር አስያዘው፤ ሱፉን እንደለበሰ ተንበርክኮ አየ።

«ዘይቱ ፍሬኑን በላው» አለ።

«ቀስ ብለን እንሂድ እባክህ!»

«በምን ላቁመው? በእግሬ?»

በአቅራቢያው ካለው የጨው ማምረቻ በኩል የሚመጣው ነፋስ ነጠላዬን ይጎትታል፤ መኪናው ሁሉ እያፏጨ ያልፈናል። ማልቀስ ቃጣኝ።

የሚጎትተን ሰው አግኝተን ስንደርስ ዶሮ ወጡ ተበልቶ ድስቱ ይታጠባል። ቄሱ ሄደዋል። የአሰፋ የሥራ ባልደረባ ክርስትና አንሥቶለታል።

«ምን ሆነህ ነው?» አለኝ አሰፋ፣ ፊቱ ጠቁሮ።

«ኩሽኔታ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም። ቤቱ በሳቅ አውካካ፤ አሰፋም ሳይወድ ሳቀ። ስሜም በዚያው ኩሽኔታ ሆኖ ቀረ።

ክርስትና ያነሣው ሰውዬ በዓመቱ ሌላ ስቴት ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁንም አልሰማን። ዳንኤልን ትምህርት ቤት ያመላለስኩት፣ መንዳት ያስተማርኩት፣ ሲያገባም ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩለት እኔ ነኝ። የክርስትና አባቱ ግን አይደለሁም። ይህን ቁጭት ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሻዬን ጠጥቼ መልሼ ደወልኩለት።

«ቤሪንግ ማለት ኩሽኔታ ነው» አልኩት።



«ኖ ዌይ! ጋሼ፣ ኩሽኔታ ማለት ጋድፋዘር አይደለም እንዴ? እኔ እኮ እንደዚያ እየመሰለኝ ነው ያደግኩት። ልጆቼንም እንደዚያ ነው ያልኳቸው።»



«ኩሽኔታውን ስታስቀይር ጎሚኒውንም አብረህ አስቀይር፤ አሮጌውን እንዳይመልሱልህ» አልኩት። «ለልጆቹ ግን ምንም እንዳትነግራቸው።»