የሬት እድፍ ያለበት ሸሚዝ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ቀይ ሽብር በተጋጋለበት ወቅት፣ ባሕር ዳር ውስጥ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ነገር ግን ቢምቢ ነክሶኝ ክንዴን ማሳከክ በጀመረኝ ቁጥር ሁሉም ነገር እንደ ትናንት ይመጣብኛል። ሌላው ሰው ሐዘኑን የሚያስታውስበት ፎቶግራፍ አለው፣ መቃብር አለው። የእኔ ማስታወሻ ቢምቢ ነው። ቀልድ የሚመስለው ሰው ቢኖር አልቀየመውም።

ያን ጊዜ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈታይ ነበርኩ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። አንዲት የምትጠባ ልጅ ነበረችኝ። እታለም የሚለኝ ታናሽ ወንድሜ ይሁኔ ደግሞ አስተማሪ ሆኖ ባሕር ዳር ከተመደበ ጀምሮ ከእኔ ጋር ይኖር ነበር። እናታችን ዱርቤቴ ነበረች። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ፣ ይሁኔን ያሳደግነው እሷና እኔ ነን ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲወጣ ይዘውት ሄዱ። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ ደፍሮ የሚጠይቅም አልነበረም። ያሰሩት ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ከበቀለበት አጠገብ፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ገብቶ ማየት አይፈቀድም። ምግብ በየቀኑ፣ የታጠበ ልብስ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ላይ እንሰጣለን። ባዶ ሳህንና የቆሸሸ ልብስ ይመለስልናል። ከዚያ ሌላ ወሬ የለም። ጠባቂው "ከእንግዲህ አታምጪ" ካለ ሰውየው የለም ማለት ነው። ሰልፍ ላይ ቆመን ሁላችንም የምንፈራው ያንን ቃል ነበር።

መጀመሪያ የተመለሰልኝን ሸሚዝ ስዘረጋው ደም ተንጠባጥቦበታል። ገረፉት ብዬ አለቀስኩ። ኋላ ረጋ ብዬ ሳየው ግን ነጠብጣቡ ደቃቅ ነው፤ ያለውም አንገትጌውና የእጅጌው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ያኔ ቢምቢ መሆኑ ገባኝ። ይሁኔ ከልጅነቱ ጀምሮ ቢምቢ የነከሰው ቦታ እንደ ባቄላ እያበጠበት፣ ደም እስኪወጣው የሚያክክ ልጅ ነበር። እናቴ እጁን ይዛ "አትከክ፤ በመዳፍህ ጫን አድርገው" ትለዋለች። ከዚያ ከአጥሩ ሥር ሬት ትቆርጥና ትቀባዋለች። እሱ ከማሳከኩ ይልቅ የሬቱ ሽታ ነበር የሚያስለቅሰው።

ለእናቴ በሰው ላክሁባት። የሬት ቅጠል በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከነሥሩ የተነቀለ አንድ ችግኝም ጨምራ በአውቶቡስ መጣች።

"ይችን አጥርሽ ሥር ትከያት። ልጁ እስኪፈታ ድረስ ታስፈልገዋለች" አለችኝ።

ቅጠሉን ቆርጠን ጭማቂውን በመድኃኒት ብልቃጥ ሞላነው።

በሩ ላይ የሚቆመው ጠባቂ ጠና ያለ፣ ከገጠር የመጣ ሰው ነበር። ፊቱ አይፈታም። በዚያ በር የሚገባውን ነገር ሁሉ ያመጣው ሰው እሱ ፊት መቅመስ አለበት። መርዝ እንዳይሆን ነው ይላሉ። ብልቃጡን አንስቶ ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየው።

"ምንድን ነው ይኸ?"

"ሬት ነው። ቢምቢ የነከሰውን ቦታ የሚቀባው ነው።"

"ቅመሽ።"

"ኧረ የሚበላ አይደለም፣ ጌታዬ።"

"ቅመሽ አልሁሽ።"

ጣቴን ነክሬ ላስኩት። ሬት ቀምሶ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ምሬቱ ጉሮሮዬን አንቆ ያዘኝ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሴቶች አቀረቀሩ። ጠባቂው ብልቃጡን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል ጀርባዬ ላይ ያዘልኳትን ልጄን አየና ቆም አለ።

"እጅሽን ሳትታጠቢ ጡት እንዳትሰጫት። እምቢ ትልሻለች" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እኛ አገር ልጅ ጡት የሚያስጥሉት ሬት ቀብተው ነው። ይህ ሰው ቤቱ ልጆች አሉት ማለት ነው አልኩ በሆዴ። ፍርሃቴ ለቀቀኝ አልልም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ፊቱን ቀና ብዬ ማየት ጀመርኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሸሚዙ ሲመለስ ደሙ ቀንሶ ሌላ እድፍ ይዟል። ሬት ጨርቅ ላይ ሲደርቅ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ እያደር ይጠቁራል፤ በሳሙና ቢያሹትም አይለቅም። እኔ ለእድፍ ምሕረት የሌለኝ ሴት ነኝ። ያን እድፍ ግን ሳምኩት። እየተቀባ ነው፣ በሕይወት አለ ማለት ነው።

ወራት እንዲህ አለፉ። ጠባቂው ሬቱን ማስቀመስ ተወ። አልፎ አልፎ ግን ሳህኑን ሲቀበለኝ "ልጅቷ ትጠባለች?" ይለኛል። "አዎ፣ ትጠባለች" እለዋለሁ። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይገባል። ለእሱ ምኑ ነው እያልኩ እገረም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሸሚዙ ብብቱ ላይ ተተርትሮ መጣ። ሰፍቼ ላክሁት። በሌላው ሳምንት ትከሻው ተተረተረ። ይሁኔ መቃ የመሰለ ቀጭን ልጅ ነበር። ወፍሯል አልኩ። ሌሊት ሠርቼ ገብቼ፣ ሳልተኛ የማበስልለት ምግብ ተስማማው ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ በዚያ ሰሞን ታማ ተኝታ ስለነበር ዱርቤቴ ሄጄ አበሠርኳት።

"ልጅሽ እኮ ሸሚዙን ሞላው፤ ስፌቱ አልችለው አለ" አልኳት።

"እሰይ፣ ወፈረልኝ" አለችና ሳቀች። የጎረቤት ሴቶች በገቡ ቁጥር "ይሁኔ ወፍሯል" ትላቸው ነበር። ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

ቀብሬያት ስመለስ አንድ ነገር ወሰንኩ። ለእስረኛ መርዶ አይላክም። ሲፈታ ዘመድ ሰብስቤ፣ በማለዳ፣ በወጉ አረዳዋለሁ አልኩ። ጥቁር ለብሼ ምግቡን ይዤ ሄድኩ። ጠባቂው ሲያየኝ ክው አለ። እንዲያ ደንግጦ አይቼው አላውቅም።

"ማን ነገረሽ?" አለኝ።

"ምኑን? እናቴ ሞታብኝ ነው። አደራዎን፣ ለወንድሜ እንዳይነግሩብኝ።"

ቆሞ አየኝ። ሳህኑን ይዞ ገባ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት መሰለኝ፣ በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆመ፤ እሱም ምግቡን እንደ ወትሮው ይቀበለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ልብስ አጥቤ ሳሰጣ ቀና ብል፣ የግቢያችን በር ላይ ሸሚዙን አየሁት። ብብቱ ላይ የሰፋሁት ክር፣ አንገትጌው ላይ ያለው የሬት እድፍ፣ ሁሉም የእኔው ነው። የያዝኩትን ጥዬ እልል እያልኩ ሮጥኩ። አጠገቡ ደርሼ ልጠመጠምበት ስል ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ነው።

ሰውየው እግሬ ሥር ተንበረከከ። ተሰማ እንደሚባል፣ ከሲዳሞ መጥቶ ኮሌጅ ያስተምር እንደነበር፣ ባሕር ዳር ውስጥ ዘመድ እንደሌለው ነገረኝ። ከይሁኔ ጎን ነበር የሚተኛው፤ ሲፈታ ቤቴን ያገኘው ይሁኔ በነገረው ምልክት ነው። ሬቱን መላክ ከጀመርኩ ብዙም ሳይቆይ አንድ ከሰዓት በኋላ ይሁኔን ስሙን ጠሩትና "ዕቃህን ተወው፣ ባዶ እጅህን ውጣ" አሉት። እዚያ ቤት የዚህ ትርጉም የማይገባው እስረኛ አልነበረም።

"የታጠበውን ሸሚዝና ብልቃጡን ለእኔ ሰጠኝ" አለ ተሰማ። "'አንተ ጠያቂ የለህም። እታለም ምግብ ታመጣለች፣ ብላ። ሬቱንም ተቀባ፣ እኔን ከእንግዲህ አያሳክከኝም' አለኝ። እኔ ጠባቂውን ይነገራት፣ እያታለልኳት አልበላም ብዬው ነበር። እሱ ግን 'የምታጠባ ሴት ናት። መርዶ ጡት ያደርቃል። ልጅቷ ጡት እስክትተው ይቆይ' አለኝ። ኋላም በጥቁር ልብስ ሲያይሽ ጊዜ አቃተው። እኔም ራበኝና በላሁ።"

ያን ሁሉ ጊዜ ያጠብኩት፣ የሰፋሁት፣ የሳምኩት የዚህን ሰው እድፍ ነው። ወፈረ ብዬ እናቴን ያሳቅኳት በዚህ ሰው ትከሻ ነው። ዓይኔ ደም ለበሰ።

"አውልቀው" አልኩት።

ሳይከራከር አወለቀው። ጀርባው፣ አንገቱ፣ ክንዱ ቢምቢ በነከሰውና እሱ ባከከው ቦታ ሁሉ ቆስሎ ነበር። ሸሚዙን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆምኩ። እሱ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ተንበርክኮ፣ አፍሮ፣ ሳያውቀው እጁ ወደ ክንዱ ሄዶ ያክካል።

"አትከክ" አልኩት። "በመዳፍህ ጫን አድርገው።"

ይህን ቃል ስናገር ለቅሶዬ መጣ። እያለቀስኩ ወደ አጥሩ ሄድኩ፣ እናቴ ካመጣችው ሬት ቆረጥኩና ጀርባውን ቀባሁት። ለይሁኔ በብልቃጥ ላክሁለት እንጂ በእጄ ቀብቼው አላውቅም ነበር። ጎረቤቶቼ ጩኸቴን ሰምተው ሲገቡ ያገኙኝ የማላውቀውን ሰው ጀርባ እየቀባሁ ወንድሜን ስጠራ ነው።

ተሰማ እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ይጠይቀኛል፤ እሱም እታለም ነው የሚለኝ። በእሱ ላይ ቂም የለኝም። ያን ጠባቂ ግን ምን እንደምለው እስካሁን አላውቅም። ልጄ ጠብታ አድጋለች፣ እናቴም "ልጄ ወፈረ" እያለች ሞታለች፤ እንዲህ ሳስብ አመሰግነዋለሁ። ወንድሜ ሞቶ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሬን ተሠርቼ እዚያ በር ላይ መቆሜ ትዝ ሲለኝ ደግሞ የሐዘኔን ጊዜ የሰረቀኝ ሰው ይመስለኛል። ሁለቱም ስሜት እውነቴ ነው።

ሸሚዙ ሳጥኔ ውስጥ አለ። ይሁኔ መቃብር ስለሌለው፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ አውጥቼ አየዋለሁ። ቢምቢ ሲነክሰኝ አላክም፣ በመዳፌ ጫን አደርገዋለሁ። ለእናቴ የይሁኔን ሞት አልነገርኳትም፤ ሳላውቅ ነው። ለይሁኔ የእናቱን ሞት አልነገርኩትም፤ እሱ ደግሞ ቀድሟት ሄዶ ነበር። እኔ በወጉ ላረዳቸው ያልቻልኩትን አሁን እነሱው ተገናኝተው ተነጋግረውታል ብዬ እጽናናለሁ።