በቁሙ የተሸጠው ዲከረንስ

የጋብቻ ውላችን የተጻፈ ዕለት፣ ዳንግላ በእጮኛዬ አባት ቤት፣ መቀመጥ አቃተኝ። ብድግ እላለሁ፣ ቁጭ እላለሁ፣ «እዚህ ኔትወርክ የለም» ብዬ ደጅ እወጣለሁ። ደጅ የቆመው የጋሪ ፈረስ ከእኔ ይሻል ነበር፤ እሱስ ተረጋግቶ ገለባውን ያኝካል።

እንጅባራ ዳር ከአባቴ የወረስኩት አንድ ማሳ ዲከረንስ ነበረኝ፤ ያ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ። ባጃጅ ስገዛ ብር ጎደለኝና ዛፉን በቁሙ ለከሰል ነጋዴ ሸጥኩት። እኛ ጋ የተሸጠ ዛፍ ገዥው መጥቶ እስኪቆርጠው እዚያው ይቆማል፤ ላየው ሰው ሁሉ የእኔ ነው።

አጎቴን ወደ ጓሮ ጎትቼ «ጋሼ፣ ልናገር ይሆን?» አልኩት።

«አርፈህ ተቀመጥ! ዛፉ ቆሞ የለም እንዴ? ማን ይጠይቅሃል?»

ሽማግሌዎቹ ያላችሁን ተናገሩ ሲሉ እሷ ቀደመች። «ከመምህርነት ደመወዜ ሌላ፣ አክስቴ ዘንድ አንዲት ላም አለችኝ፤ ጥጃዋን እኩል ነው የምንካፈለው። ከቁጠባ ማኅበር የተበደርኩትም ገና አላለቀም። እሱንም ጻፉት።»

በስመ አብ! ዕዳዋን የምታስጽፍ ሙሽራ እኔ አይቼ አላውቅም። ብልጥ መሆኔ ነው፣ በሆዴ ሞኝ አልኳት።

አባቷ ዞር አሉ። «አንተስ ልጄ?»

«ባጃጅ አለችኝ፣ አባባ። ለቆረጣ የደረሰ ዲከረንስም አለኝ።»

ጸሐፊው ጻፈ፤ ፈረምን።

ከሠርጉ በኋላ «ዛፋችንን አሳየኝ» ማለት ጀመረች። ዝናብ ነው፣ ጎማ ፈንድቷል፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ሸሸኋት። አንድ ቅዳሜ ቤት ስገባ የለችም። ልቤ ነገረኝ፤ ባጃጁን እያበረርኩ ሄድኩ። ዛፉ ወድቋል፣ የከሰሉ ክምር ይጨሳል፣ እሷ ጉቶ ላይ ተቀምጣለች። ነጋዴው ሁሉን ነግሯታል።

«አጎቴ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ወዲያው አፈርኩ፤ የፈረመው የእኔ እጅ ነው።

«ሸጬዋለሁ ብትለኝ ምን እልህ ነበር?» አለች። «የእኔ ዕዳ ሲጻፍ አጠገቤ አልነበርክም?»

ጉቶው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

አሁን መሬቱ ላይ አዲስ ችግኝ ተክለናል፤ ዲከረንስ ቶሎ ይደርሳል። እሷ ግን ዛሬም ከሥራ ገብቼ «ይህን ያህል ሠራሁ» ስላት፣ ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ «ብሩን አውጣና ቁጠርልኝ» ትለኛለች።