ሁለተኛዋ «በአራት»

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ ቀን አመነታሁ። ጀግና የለበትም፤ በታሪኩ ውስጥ የጠፋውም አንዲት ቃል ብቻ ናት። አንባቢ ጨርሶ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ቢለኝ አልቀየመውም። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት የጉልበቴን መድኃኒት ልገዛ እዚህ ደሴ ፒያሳ ወዳለ ፋርማሲ ገብቼ ነበር። ልጅቱ አወሳሰዱን አስረድታኝ ስትጨርስ፣ «እንዳልሽው ከወሰድኩት መቼ ያልቃል?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። «አባባ፣ መቼ ይሻለኛል የሚል እንጂ መቼ ያልቃል ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለችኝ። መድኃኒቱን በኪሴ ይዤ ወደ ሆጤ ዳገቱን ስወጣ፣ ይህን ጥያቄ ማን እንዳስተማረኝ እያሰብኩ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። ጉልበቴም አስቆሞኝ ሊሆን ይችላል።

1938 ዓ.ም. ደሴ ትምህርት ቤት የገባሁበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ ረጅሙ እኔ ነበርኩ። ዘግይቶ የገባ ተማሪ የዘገየበትን በትጋት መካስ ይፈልጋል። የአማርኛ መምህራችን የተደገመ ቃል ሲያዩ በቀይ ቀለም ይሰርዙ ነበር፤ ሁለት ጊዜ የሚጻፍ ቃል የስንፍና ምልክት ነው ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀይ ቀለም ለመዳን የማላደርገው ነገር አልነበረም። ከመስከረም እስከ ጥቅምት ደብተሬ ላይ አንድም ቀይ መስመር አልነበረም፤ ይህንንም ለሰው ሁሉ እናገር ነበር።

አባቴ ኮምቦልቻ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተች ቤቱን የያዘችው የአባቴ እህት፣ አክስቴ ዘይነባ ናት። በዚያ ክረምት በአባቴ ሆድ ውስጥ የጀመረው ሕመም በጥቅምት ከስፌት መኪናው አስነሣው። ደሴ ይዤው ወጣሁ። ሆስፒታል ውስጥ ፈረንጁ ሐኪም ሆዱን ደጋግሞ ዳሰሰና፣ ነቀርሳ መሆኑን፣ ሥር መስደዱንና እንደማይድን፣ ሕመሙን ግን ማስታገሥ እንደሚቻል ነገረን። አባቴ የደንበኛ ልክ እንደሚሰማ ሰው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

የሐኪሙን ቃል ወደ አማርኛ የሚመልሰው ይመር የሚባል ድሬሰር ነበር። ቁስል የሚያጥበውም መርፌ የሚወጋውም እሱ ነው። አንድ ቡናማ ጠርሙስ ከመንጠቢያው ጋር ሰጠኝና፣ ስንት ጠብታ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ነገረኝ። ከልኩ ካለፈ እንቅልፉ እንደሚከብድ፣ ትንፋሽም ሊቆም እንደሚችል አስጠነቀቀኝ። ጠርሙሱ በዐሥር ቀን ያልቃል፣ ያኔ ተመለስ አለኝ። ሰውየው ሲናገር ቃል ይደጋግማል። እኔ ግን ደብተሬን አውጥቼ አሳጥሬ፣ አሳምሬ ጻፍኩ፦ «ሃያ ጠብታ፣ በአራት ሰዓት።» ይመር በትከሻዬ አጮልቆ እጅ ጽሕፈትህ ደስ ይላል አለኝ። ያን ቀን በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ አባቴ አጠገቤ እያቃሰተ፣ እኔ ይህን ምስጋና ሳሰላስል እንደነበር ሳስታውስ አሁንም አፍራለሁ።

ትምህርቱን ትቼ እቤት ተቀመጥኩ። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ባለ ደወል ሰዓት ነበረን። ጠዋት በአራት ሰዓት፣ ማታ በአራት ሰዓት፣ ሃያ ጠብታ በውሃ እየቆጠርኩ ሰጠሁ። አንድ ደቂቃ አላሳለፍኩም፣ አንድ ጠብታ አልጨመርኩም። ጠርሙሱ ከደረት ኪሴ አይወጣም።

መድኃኒቱን በወሰደ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የአባቴ ፊት ይፈታል፤ ከእኛ ጋር ይጫወታል። ከቀትር በኋላ ግን ሕመሙ ይመለሳል። ከዚያ እስከ ማታው አራት ሰዓት ድረስ የጋቢውን ጠርዝ ነክሶ ግድግዳውን እያየ ይተኛል። አባቴ ጮኾ የሚያማርር ሰው አልነበረም። ከጩኸት ይልቅ ዝምታው ያስፈራ ነበር።

አክስቴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ያዘችኝ። «ሙሄ፣ ጨምርለት።»

«አክስቴ፣ ትንፋሹ ይቆማል ብለዋል።»

«የአላህ ባሪያ እየነደደ አንተ ሰዓት ትቆጥራለህ? ደግሞ ድንጋይ ስንወልድ ማን ነገረን!»

አባቴ ከውስጥ ሰማን። «ተዪው ዘይነባ» አለ፣ ድምፁ እየቆራረጠ። «ልጁ ሰዓት ሆኗል። ሰዓት ደግሞ ቢለምኑት አይሰማም።»

በዘጠነኛው ቀን እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር። ጠርሙሱን ከፍቼ ዘጋሁት። ብጨምርለት እገድለው ይሆናል፤ ባልጨምርለት ሥቃዩን ቆሜ አያለሁ። ከሁለቱ በአንደኛው ተጠያቂ ከመሆን ደብተሬን ማመን ቀለለኝ። ጥንቃቄ ብዬ የምጠራው ነገር ከፍርሃት ምን ያህል እንደሚለይ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ ዛሬም ሁልጊዜ አላውቅም።

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት አባቴ መድኃኒቱን ወስዶ ትንሽ እንደተሻለው ጠርሙሱን አምጣ አለኝ። ከአንገቱ የማትለየውን የልብስ መለኪያ ሜትር አወረደና በጠርሙሱ ጎን ዘረጋት።

«ሲሰጡን እስከ አንገቱ ሙሉ ነበር?»

«አዎ አባዬ።»

«ዘጠኝ ሳንቲም ነው። የሄደው ሦስት። ስድስቱ አለ።» ሜትሩን ቀስ ብሎ ጠቀለለ። «በስንት ቀን ያልቃል ነበር ያሉህ?»

«በዐሥር።»

«ዛሬ ስንተኛ ነው?»

«ዐሥረኛው» አልኩ፣ ጠርሙሱን እያየሁ።

«ሙሄ፣ እኔ ለአንድ ልብስ የተሰጠኝ ጨርቅ ሁለት እጁ ከተረፈ፣ ትርፍ አገኘሁ ብዬ ደስ አይለኝም። ልኩን ተሳስቻለሁ ብዬ ነው የምደነግጠው። ሂድና ጠይቅ።»

ደሴ የምትወጣ የጭነት መኪና ላይ በእህል ጆንያ መሐል ተቀመጥኩ። ኅዳር ነበር፤ ታች የማሽላው ራስ ቀልቷል፣ መንገድ ዳር ሴቶች ጥንቅሽ በእቅፍ ይሸጣሉ። ሐረጎን ስንጨርስ ጉሙ ተቀበለን። ሙቀቱንም የጥንቅሹንም ሽታ ታች ጥዬ፣ በሸሚዝ ብቻ እየተንቀጠቀጥኩ ሆስፒታሉ ደረስኩ።

ይመር ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣውና ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑን ላሳይ ደብተሬን ገልጬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፦ «ሃያ ጠብታ፣ በአራት ሰዓት።»

«እኔ ያልኩህ በአራት በአራት ሰዓት ነው» አለ። «ሁለተኛዋ ‹በአራት› የት ሄደች?»

የተደገመች መስሎኝ ተውኳት አልኩት። ሁለት ጊዜ ማለቱን የጠዋቱንና የማታውን አራት ሰዓት ለማለት ነው ብዬ ተረድቼው እንደነበርም ነገርኩት። አፌ ይናገራል፤ ልቤ ግን የተነከሰውን የጋቢ ጠርዝ እያየ ነበር። አባቴ በቀን ስድስት ጊዜ ሊወስድ የሚገባውን ሁለት ጊዜ ብቻ ሰጥቼው ኖሯል።

ይመር አልተቆጣኝም። ወደ ሐኪሙ ገብቶ ጠይቆ ተመለሰና ከአጠገቤ ተቀመጠ። ያለፈውን ላካክስ ብለህ አንድ ጠብታ እንዳትጨምር፣ ከዛሬ ጀምሮ ልኩን ብቻ ስጥ አለኝ። አንደኛው ሰጥቶ ሌላው እንዳይደግም፣ የሰጣችሁበትን ምልክት አድርጉ አለኝ። ሁሉንም በቃሌ አስደገመኝ። በመጨረሻ፣ «ልክ ከሰጠኸው መቼ ያልቃል?» አለ። ቆጥሬ ቀኑን ነገርኩት። «አሁን ገብቶሃል። ጠርሙሱ ቀኑን ካልጠበቀ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ሮጠህ ና።»

እቤት ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። አባቴ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር። ጉልበቱ አጠገብ ተንበርክኬ፣ ቃሉን እኔ እንደቆረጥኩት ነገርኩት። «አውፍ ይበሉኝ አባዬ» አልኩ።

ፊቱን ወደ እኔ ለማዞር ጊዜ ወሰደበት። «አንተ ቃል አሳጠርክ» አለ። «እኔ በጀማሪነቴ የአንድ ቃዲ ሱሪ አሳጥሬያለሁ፤ ጉልበታቸው እየታየ ነው ሰላት የቆሙት። አውፍ ብለውኛል። አሁን መድኃኒቱን አምጣ፣ ወላሂ ይቅርታውን በኋላ እንጨርሰዋለን።»

በዐሥራ ሁለት ሰዓት ሃያ ጠብታ ሰጠሁት። አራት ሰዓት ሲደርስ ሕመሙ ገና አልተመለሰም ነበር፤ ደገምኩት። በማግሥቱ ከቀትር በኋላ፣ ያ የምንፈራው ሰዓት ሲመጣ፣ አክስቴና እኔ በር ላይ ቆመን ጠበቅን። ሕመሙ አልመጣም። አባቴ ጥንቅሽ አማረኝ አለ። ልጬ በትንሽ በትንሹ ቆረጥኩለት፤ ጭማቂውን እየመጠጠ ገለባውን በእጁ መዳፍ ላይ ሰበሰበ። አክስቴ ወደ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። ስትመለስ ግን «ድንጋዩ ልጃችን ሰው ሆነ» ብላ ራሴን በጥፊ መታችኝ።

አክስቴ ማንበብ ስለማትችል የይመርን ምልክት በወረቀት ላይ ማድረግ አልሆነልንም። መላውን ያገኘው አባቴ ነው። ከስፌት ሣጥኑ ስድስት የሸሚዝ ቁልፍ አስወጣንና ሁለት ሲኒ አስቀረበ። ማንም መድኃኒት በሰጠ ቁጥር አንድ ቁልፍ ከቀኙ ሲኒ ወደ ግራው ያዛውራል፤ ጠዋት በዐሥራ ሁለት ሰዓት ስድስቱም ወደ ቀኙ ይመለሳሉ። በዚህ ሁኔታ አክስቴ ብቻዋን ማስታመም ቻለች፤ እኔም በአባቴ ትእዛዝ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። በየዐሥር ቀኑ አዲስ ጠርሙስ ይዤ እወርዳለሁ፤ ገና ከበሩ ሳልገባ አባቴ ሜትሩን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። አንድም ቀን ልኩ አልሳተም።

በኋላ እኔም መምህር ሆኜ ቀይ ቀለም ያዝኩ። ተማሪ ቃል ሲደግም ግን ከመሰረዜ በፊት ጠርቼ ለምን ደገምከው ብዬ እጠይቀው ነበር። ባልደረቦቼ በዚህ ይሥቁብኝ ነበር፤ የፋርማሲዋ ልጅም ሣቀች። ደግ አደረጉ። ከዚያ ኅዳር በኋላ አባቴ የኖራቸውን ቀኖች ሳስብ የሚሰማኝ ከኀዘን ይልቅ እፎይታ ነው። አባቴ ጠርሙሱን ባይለካ ኖሮ እኔ ደብተሬን ይዤ እስከ መጨረሻው ልክ ነኝ እል ነበር።

የመጨረሻውን ሳምንት አብሬው ነበርኩ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት በዐሥራ ሁለት ሰዓት መድኃኒቱን ሰጥቼው አንድ ቁልፍ ወደ ግራው ሲኒ አዛወርኩ፤ እያወራን እንቅልፍ ወሰደው። የአራት ሰዓቱን ቁልፍ የሚያነሣ ሰው አልተፈለገም። ጥር 27 ቀን 1938 ዓ.ም. ነበር።