አባቴና የመጨረሻው ዓሣ ቤት

አባቴ ታክሲ በሚነዳበት ዘመን ቅዳሜ ከሰዓት እኔንና ወንድሜን ያኔ በምንኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኝ የተጠበሰ ዓሣ ቤት ይወስደን ነበር። በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው፣ ጣራው ሰማያዊ የሆነ ፋስት ፉድ ነው። አባቴ በጾም ዓሣ ይበላል፤ እናቴ አትበላም። በጾም ወራት እሷ አኩርፋ መኪና ውስጥ ትጠብቀናለች።

ኋላ ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። መጀመሪያ የሲልቨር ስፕሪንጉ፣ ቀጥሎ የሄርንደኑ። የቀረን አሌክሳንድሪያ፣ በኋላ የገባንበት አፓርታማ አጠገብ ያለው ብቻ ነበር። እሱም ሲደክም አየሁ። ከውጭ መብራቱ ግማሹ ጠፋ፤ የሚተካው የለም። የሽንት ቤቱ በር ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። የምናውቃቸው ሠራተኞች አንድ በአንድ ጠፉ። አባቴ ግን «ዛሬ ሰው ቀለል ብሏል» ብሎ ያልፈዋል።

ያን ሰሞን እሱም ላይ አንድ ነገር አየሁ። ሃያ ዓመት የነዳበት መንገድ ላይ የትራፊክ መብራት ይዞን፣ «በግራ ነው በቀኝ?» አለኝ። ደንግጬ ሳየው፣ «እየፈተንኩሽ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ዓሣ ቤቱ ቅጠል ሲረግፍ ተዘጋ። ብርዱ ሳይወጣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ እናቴ ሥራ ቦታ ኮል አደረገችኝ።

«አባትሽ ዳቦ ልግዛ ብሎ እንደወጣ ቀረ። ስልኩን እዚሁ ትቶታል።»

ወንድሜ ሆስፒታሎቹ ጋ መደወል ጀመረ። እኔ ግን በቀጥታ ወደተዘጋው ዓሣ ቤት ነዳሁ።

የአባቴ መኪና ድራይቭ ስሩ፣ ከመኪና ሳይወርዱ የሚታዘዝበት መስመር ውስጥ፣ ሞተሩ እንደበራ ቆሟል። የሕንፃው መስኮቶች በጣውላ ታሽገዋል። አባቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ድምፅ ማጉያ ያለውን የማዘዣ ሣጥን ያናግራል። በእንግሊዝኛ፣ በትሕትና፣ ሁለት ዓሣ ከነድንቹ ያዛል። መልስ ይጠብቃል። እንደገና ያዛል።

«አባዬ» አልኩት።

ዞሮ ፊቴን አየ። «ይቅርታ፣ ተራው የእርስዎ ነበር እንዴ?» አለኝ። «እኔ ልጆች እየጠበቁኝ ሆኖ ነው እንጂ አሳልፍዎት ነበር።»

የገዛ አባቴ አንቱ አለኝ። ዞሬ ጎኑ ገባሁና ሞተሩን አጠፋሁት። ቆይቶ፣ «አንቺ፣ ዛሬ ሥራ የለሽም?» አለኝ። አለቀስኩ። ለምን እንደማለቅስ አልጠየቀኝም፤ እሱም የፈራ መሰለኝ።

የመረመረችው ሐኪም የመርሳት ሕመሙ እየባሰበት እንደሚሄድ ነገረችን። ወንድሜ መኪናውን ወሰደው። አሁን እናቴ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራ ትውላለች። ስልክ ስናወራ የበሩ እጀታ ሲነቀነቅ ይሰማኛል። እሷ ወሬዋን ትቀጥላለች።