«ደህና ነው» ሲሉኝ

የሕመሜ የመጀመሪያ ምልክት ልጄ ሲያለቅስ እየሰማሁ አለመነሣቴ ነበር። ድምፁ ይሰማኛል። መነሣት እንዳለብኝም አውቃለሁ። ሰውነቴ ግን አይታዘዝም። ጎረቤት ገብታ እስክታነሣው ድረስ ጣራውን እያየሁ ተኛሁ።

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ሰበታ ነው። ባለቤቴ ታደሰ ከፋብሪካዎቹ በአንዱ ጸሐፊ ነበር። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ያገባሁ፣ የመጀመሪያ ልጄን የታቀፍኩ ሴት ነበርኩ። ጤነኛ ወንድ ልጅ ወልዳ ምን ያስከፋታል ይሉ ነበር።

አራስ ሳለሁ እናቴ ልትጠይቀኝ አልመጣችም። ቤቷ ቡራዩ፣ ከገፈርሳ ግድብ ወዲህ ነው፤ ሩቅ አይደለም። የመጣውን ሰው ሁሉ «እናቴስ?» እላለሁ። «ጉንፋን ይዟት ነው እንጂ ደህና ናት» ይሉኛል። ታደሰም እንዲሁ ይለኛል። አንድ ቀን ቅቤ ይዞ ገባና «እናትሽ ልካልሽ ነው» አለኝ። ገንፎዬን በዚያ ቅቤ በላሁ።

ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በር አንኳኩ። እናቴ የሞተችው እኔ በወለድኩ በሳምንቱ ኖሯል። አራስ ከደነገጠች ወተቷ ይደርቃል ተብሎ ነው መርዶው የቆየው። ልማድ ነው፤ በክፋት ያደረገው ሰው አልነበረም። እኔ ስሰማ ግን ቀብሩ አልፏል፣ ድንኳኑም ተነቅሏል። ሴቶቹ ሲያለቅሱ የእኔ ዕንባ እምቢ አለ። «ፈዘዘች» አሉ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ራቀኝ። ምግብ አፌ ውስጥ እንደ ገለባ ሆነ። ጸጉሬን ለማበጠር ጀምሬ ማበጠሪያውን ይዤ እቀመጣለሁ። ጠበል ወሰዱኝ፤ ተጠመቅሁ፤ ጥቂት ቀን ቀለል ብሎኝ ተመለሰብኝ። በመጨረሻ አንዲት ሴት «ሕመሟ በወተቷ ይጋባበታል» ብላ ታደሰን አስፈራራችው። ልጁን አቅፎ ሱሉልታ፣ እናቱ ዘንድ ወሰደው። አልከለከልኩትም። የምከለክልበት ጉልበት አልነበረኝም።

ሲመለስ «ልጁ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ደህና ነው።»

በሌላ ጊዜም ጠየቅሁት። «ደህና ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ተውኩ። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ልጄ ሞቷል ብዬ ቆረጥኩ። በየማለዳው ዐይኔን ገልጬ ከደጅ የሽማግሌዎች ኮቴ እጠብቃለሁ። ሳይመጡ ሲቀሩ የሚነግሩኝ ነገ ነው እላለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ወራት አለፉ። የታደሰ የሥራ ባልደረባ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የአእምሮ ሐኪም በተመላላሽ እንደሚያይ ነገረው። ጎረቤቴ ስትሰማ «እዚያማ በሰንሰለት ነው አሉ» አለችኝ። ስለዚህ ጋቢዬንና ቅያሬ ልብሴን በጨርቅ ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። እንደማልመለስ አምኜ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ሰንሰለት አልነበረም። ጠረጴዛና ወንበሮች ብቻ ናቸው። ሐኪሙ ባሕር ማዶ የተማረ ያገር ልጅ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ጎልማሳ ነው። ጥቅሉን አየና «ምንድን ነው?» አለኝ።

«የማድርበት ነው።»

«እዚህ የሚያድር የለም። እንነጋገራለን፣ ቤትሽ ትገቢያለሽ፤ በቀጠሮሽ ቀን ደግሞ ትመጫለሽ።»

ለሚጠይቀኝ ሁሉ ታደሰ ይመልስ ጀመር። ሐኪሙ ውጭ እንዲቆይ ለመነው።

«ሚስቴ ናት እኮ፣ ዶክተር!»

«አውቃለሁ። እርስዎን ደግሞ በተራዎ አነጋግራለሁ።»

ሕመሙን ዲፕሬሽን ብሎ ጠራው። አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን አዘዘልኝ። አፍ ያደርቃል፤ ድንገት ብድግ ሲሉ ያዞራል። ለውጡን ለማየት ሳምንታት እንደሚወስድ ነግሮኝ ነበርና ታገሥኩ። እንቅልፌ ጥቂት በጥቂት ተመለሰ። ንግግሩ ግን አልሄደም፤ ያልሄደውም እኔ እንደ ጨዋ ልጅ ስለምመልስ ነው።

«እንዴት ሰነበትሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሐዘን አጋጥሞሽ ነበር?»

«ሐዘን የሌለበት ቤት የለም፣ ዶክተር።»

«በቤት ውስጥስ?»

«ሁሉም ደህና ነው።»

ለትልቅ ሰው ሌላ መልስ አላውቅም ነበር። ለቀጠሮ ስሄድ ነጠላዬን አጥቤ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ ነው። እንደዚህ ሆኜ በተመላለስኩ ቁጥር እሱም ደህንነቴን አመነ። አንድ ቀን «በጎ ነሽ። ቀጠሮውን ብናራርቀውስ?» አለኝ።

እጅ ነሥቼ ተነሣሁ። በሩን ያዝኩ። ከወጣሁ የሚጠይቅልኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ዶክተር፣» አልኩት፣ «ልጄ የት እንደተቀበረ ባለቤቴን ይጠይቁልኝ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ተቀመጪ፣ አስካለ። ልጅሽ ሞተ ያለሽ ማነው?»

«ማንም። ደህና ነው ነው የሚሉኝ።»

አላቋረጠኝም። የእናቴን ነገር ነገርኩት። ቅቤውን ነገርኩት። የማለዳውን ኮቴ ነገርኩት። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ስጨርስ ታደሰን አስጠራው።

«ልጁ የት ነው?»

«ሱሉልታ፣ እናቴ ጋ። ደህና ነው።»

«እሱን ቃል ይተዉት። አሁን ከዚህ ወጥታችሁ በቀጥታ ሱሉልታ ሂዱ። በዐይኗ ትየው።»

«ካየችው ይብስባታል ብዬ እኮ ነው፣ ዶክተር።»

«ቀብራዋለች። ከዚህ የሚብስ ምን አለ?»

ታደሰ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አውቶቡሱ እንጦጦን ወጣ። ሱሉልታ ብርድ ነበር። ከመንገዱ ወርደን ሜዳውን አቋረጥን። ልጄ ደጃፉ ላይ በርጩማ ይዞ ቆሟል። በሕይወት አለ። ቆሟል። እጄን ዘረጋሁ። አላወቀኝም። ጮኸ። አማቴን «እማ!» ብሎ ቀሚሷ ውስጥ ተሸጎጠ።

«ኮቱ፣ ኢንተለ ኮ» አለችኝ አማቴ፣ በራሷ ቋንቋ ነይ ልጄ ማለቷ ነው። «ግቢ። ተይው፣ ራሱ ይመጣል።»

የአማቴ ባል ኦቦ በዳዳ የከፋውን ሰው ማሳቅ ይወዳሉ። እሳቸውም ከጓሮ ብቅ ብለው «መጣሽ? ይሄ ቀበኛ የላሜን ወተት ጨርሶ ከጥጃዋ ጋር አጣላኝ። ዳኛ ፊት ሳልቆም ውሰጂልኝ!» አሉ። ታደሰ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ነገር ግን ሞት ያለበት ቤት እንደዚህ እንደማይቀለድበት ገባኝ፣ ተቀመጥኩም።

ሐኪሙ ልጁን ከለመደው ሰው ነጥቄ እንዳልወስደው መክሮኝ ስለነበር እዚያው ሰነበትኩ፤ ለቀጠሮዬም ከሱሉልታ እየተነሣሁ አዲስ አበባ እወርድና እመለስ ጀመር። ሐኪሙም ከዚያ ወዲያ «እንዴት ሰነበትሽ» ማለቱን ትቶ «ትናንት ከእንቅልፍሽ ስትነቂ መጀመሪያ ምን አሰብሽ?» ይለኝ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ የተዘጋጀ የጨዋ መልስ የለም። ከእሱ ክፍል ስወጣ ስገባ ከነበረኝ የባሰ የሚከብደኝ ቀን ብዙ ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ የተመለስኩበት ጊዜ አለ። ሕክምናው የከፋብኝ መስሎኝ ልተወው ስል እንዲህ እንደሚያደርግ ነገረኝ፤ እውነቱን ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከአማቴ ጋር ባቄላ ስንፈለፍል የእናቴን ቀብር እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። እሷ ተገኝታ ነበር። መጀመሪያ አመነታች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ፦ ማን እንደገነዛት፣ ዝናቡ መንገዱን አጭቅይቶት ተሸካሚዎቹ እንዴት እንደተንገዳገዱ፣ የትኛው ዛፍ አጠገብ እንዳረፈች፣ ከመሞቷ በፊት የእኔን መገላገል ሰምታ እልል እንዳለች። ያኔ አለቀስኩ። አማቴ ባቄላውን አስቀምጣ አብራኝ አለቀሰች፤ ለእናቴ ለቅሶ የተቀመጥኩት በዚያ ቀን ነው።

ከሕመሙ የወጣሁት በአንድ ቀን አይደለም። ልጁም እንዲሁ ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ ከእጄ ቆሎ መቀበል፣ ቀጥሎ ጉልበቴን ተደግፎ መቆም፣ በኋላም አጠገቤ መተኛት ለመደ። ክኒኑን ሐኪሙ ራሱ ቀንሶ እስኪያስቆመኝ ድረስ ወሰድኩ። ሰበታ ልጄን ይዤ ተመለስኩ። ታደሰ ከዚያ በኋላ ክፉ ዜና ሲኖር ቁጭ ብሎ፣ ቃል ሳያሳምር ይነግረኝ ነበር። ለእሱ ቀላል እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ አመሰግነዋለሁ። ያንን ሐኪምና አማቴን በጸሎቴ ሳልጠራ ያደርኩበት ቀን የለም።

ምክር ፍለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ዓይነት በር የምትገቡ፣ የሚጠይቃችሁ ሰው ሰላምታ እየሰጣችሁ አይደለም። እግዚአብሔርን አመስግኑና ቀጥሎ ያለውን ንገሩት። ስትዘጋጁ የማይረባ፣ የሚያሳፍር የሚመስላችሁን ነገር አትተዉት፤ እኔ የማለዳውን ኮቴ ልነግረው አፍሬ ስንት ወር ባከነብኝ። ከከበዳችሁም አትቅሩ። ሕመምተኛ የምታስታምሙ ደግሞ፣ ለእሱ ብላችሁ አትዋሹት። የተዋሸ ሰው እውነቱንም አያምናችሁም።

ከሕመሜ ያልተመለሰልኝ ነገር ቢኖር አንድ ነው። ልጄ አፉን የፈታው አያቱን «እማ» እያለ፣ እኔን ደግሞ ቤቱ ሁሉ እንደሚጠራኝ በስሜ እየጠራ ነው። ሰዎች ይታረም ሲሉ እኔ ተዉት አልኩ። አሁን እሱም ጸጉሩ ሸብቷል። እሑድ እሑድ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ከበር ጀምሮ «አስካለ!» ይላል።

«አቤት» እለዋለሁ።